ልቤ ነግሮኝ ነበር!



እስቲ ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዓይናችሁ ሲርገበገብ «ዛሬ የናፈቀኝን ሰው አያለሁ» ብላችሁ አታውቁም? መዳፋችሁን ሲበላችሁስ «ገንዘብ ልቀበል ነው» ብላችሁ አልተደሰታችሁም? (እኔን ሲበላኝ የሚመጣው ያበደረኝ ሰው ነው፤ እሱን ተዉት።) እናቴ መንገድ ጀምራ ግራ እግሯን እንቅፋት ከመታት ትመለሳለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ትንሽ ተቀምጣ እንደ አዲስ ትወጣለች። ጎረቤታችን ደግሞ የሚመለሱት ቀኝ እግራቸውን ሲመታቸው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ለቅሶ ሊደርሱ ከወጡ ጉዞው አያልቅም!

በሳቅ ልጀምር ብዬ ነው እንጂ የዛሬው ጉዳይ አያስቅም። ባለፈው ሰሞን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስቴ አነበብኩት። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳ። ሻይ ላፈላለት አብሬው ተነሳሁ። ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ያኔ አንዳች ነገር ልቤን ጭምድድ አደረገኝ። ገላዬን ውርር አለኝ። ‹ዛሬ ቅር› ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት። ስሞኝ ወጣ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። መኪናው ተገልብጦ ነበር። ወንድሜ ዛሬ በሕይወት የለም። ይህንን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ገላዬ ነግሮኝ ነበር፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሰው ከቤት በወጣ ቁጥር ልቤ ይመታል። ትንሿን እህቴን ፈተና እንዳላት እያወቅሁ ትምህርት ቤት እንዳትሄድ የከለከልኩበት ቀን አለ። እውነት የሰው ገላ የሚመጣውን ያውቃል? በቀጥታ ንገሪኝ። አታባብይኝ።»

አታባብይኝ ብላለች። እኔም «አይዞሽ፣ የእግዜር ቁጣ ነው» ብዬ ላልፋት አልፈለግሁም። እሱንማ ለቀስተኛው ሁሉ ነግሯታል። ጥያቄዋ እኮ የሚመረመር ጥያቄ ነው! ቆይቼ ሳጠያይቅና ሳነብ ለካስ ይሄንኑ የመረመሩ ሰዎች አሉ። እንደተለመደው በዚህ አምድ ማንንም በስም አንጠራም፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን ደንቡ ደንብ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ከእንግሊዞች ልነሳ። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ዌልስ ውስጥ አበርፋን በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር አንድ መዓት ወረደ። ከተራራው ላይ ለዓመታት የተከመረው የማዕድን ጥራጊ ውኃ ጠጥቶ ተናደና ትምህርት ቤት ላይ ተደፋ። 144 ሰዎች ሞቱ። ከነዚያ ውስጥ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ወዲያው «እኔ አስቀድሞ ታውቆኝ ነበር»፣ «እኔ በሕልሜ አይቼ ነበር» የሚል ወሬ ተነሳ። አንድ የአእምሮ ሐኪም ይህንን ሰማና ኢቭኒንግ ስታንዳርድ በሚባለው የለንደን ጋዜጣ በኩል «አስቀድሞ የታወቃችሁ ጻፉልኝ» ብሎ አስነገረ። 76 ደብዳቤ መጣለት።

ሐኪሙ ግን ብልህ ሰው ነበር። ነገር ከደረሰ በኋላ «ታውቆኝ ነበር» ማለት ለማንም እንደማይከብድ ገባው። ስለዚህ በጃንዋሪ 1967 ከጋዜጣው ጋር ሆኖ አንድ ቢሮ ከፈተ። ሰዉ ነገሩ ሳይደርስ በፊት የታወቀውን ይጽፋል፤ ቢሮው ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የሆነውን ማየት ነው። ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው መሬት ጠብ አላለም። ገጠሙ ከተባሉት ጥቂቶች የሚበዙት የሁለት ሰዎች ነበሩ። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ሐኪሙን «ሕይወትህ አደጋ ላይ ናት» ብለው አስጠንቅቀውት ነበር፤ እሱም በ1968 ገና በ44 ዓመቱ በጭንቅላት ደም መፍሰስ ሞተ። እውነት እላችኋለሁ፣ ይህንን ሳነብ እኔንም ብርድ ብርድ ብሎኛል። ግን ሁለቱ ሰዎች የጻፉት ደብዳቤ ክምር ነው፤ ያልገጠመውን ማን ያወራዋል? ደግሞም ያ ቢሮ አንዲት አደጋ አስቀርቶ አያውቅም።

ይሄ እንግዲህ የሕልምና የሐሳብ ነው። እህታችን የጠየቀችው ግን ስለ ገላ ነው። ወደሱ እንምጣ።

ጊዜው የ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቦታው ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ። (የቁማር ከተማ መሆኑ ራሱ አያስገርምም?) አንድ ተመራማሪ ሰዎችን ኮምፒዩተር ፊት ያስቀምጥና ጣታቸው ላይ የላብ መለኪያ ሽቦ ያስርላቸዋል። ሰው ሲደነግጥ መዳፉን ትንሽ ያልበዋል፤ ለራሱ እንኳ አይታወቀውም፤ ሽቦው ግን ያውቃል። የውሸት መመርመሪያ መሣሪያም አንዱ የሚለካው ይሄንኑ ነው። ሰውዬው ቁልፍ ይጫናል። 5 ሰከንድ ባዶ ስክሪን ያያል። ከዚያ ሥዕል ይመጣል፦ ወይ የሚያረጋጋ፣ ዛፍና ሐይቅ፤ ወይ የሚያስደነግጥ፣ ደምና ሬሳ፣ ወይም ደግሞ እዚህ ጋዜጣ ላይ የማይወጣ ዓይነት ፎቶ። የትኛው እንደሚመጣ የሚመርጠው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ያውም በዕጣ፣ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ። ማንም ቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ሥዕሉ ከመጣ በኋላ የሚያስደነግጠው ላብ ቢያመጣ ምን ያስገርማል! ጉዱ ያለው በነዚያ 5 ሰከንዶች ውስጥ ነው። ተመራማሪው እንዳለው ሥዕሉ ገና ሳይመጣ፣ ክፉው ሥዕል ከመምጣቱ በፊት መዳፉ ከወትሮው ይበልጥ ያልበው ነበር። አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ደገመውና «እኔም አገኘሁ» አለ። በ2012 ደግሞ ከ1978 እስከ 2010 የተሠሩ 26 እንዲህ ዓይነት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ትንሽም ቢሆን ልዩነት አለ ተብሎ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። የዚያች ልጅ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ይሄ እውነት ከሆነ ምን ብዬ ነው የምጽፍላት?

እኔ 12ኛን ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ስታትስቲክስ የሚባለውን ነገር በሩቁ ነው የማውቀው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የአክስቴን ልጅ ያዝኩት። ማኪያቶ በኔ ሒሳብ። እሱ ያስረዳኝን በኛ ቋንቋ ልንገራችሁ።

ዘውድና ጎፈር ስትጫወቱ አስቡት። ዘውድ፣ ዘውድ፣ ዘውድ፣ ዘውድ ከመጣ በሆዳችሁ ምን ትላላችሁ? «አሁንስ ጎፈር መምጣቱ ነው!» ሳንቲሙ ግን ያለፈውን አያስታውስም። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠውም ሰው እንደዚያው ነው። ዛፍ፣ ሐይቅ፣ አበባ በተከታታይ ካየ «አሁንስ ክፉው መጣ» እያለ ይጠብቃል፤ ላቡም በየዙሩ ጨመር ጨመር ይላል። ክፉው ሲመጣ እፎይ ይላል፤ ላቡም እንደገና ከታች ይጀምራል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ላቡ ከፍ ያለው ሁልጊዜም ክፉው ሊመጣ ሲል ነው፤ ክፉው ከመጣ በኋላ ደግሞ ዝቅ ይላል። ስትደምሩት «ገላው አወቀ» የሚመስል ቁጥር ይወጣላችኋል። ገላው ግን የጠበቀ እንጂ ያወቀ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ይሄንን አይተን አጣርተናል ይላሉ፤ ሌሎቹ አልጠራም ይላሉ። ሌላም ችግር አለ። ምንም ያልተገኘበት ጥናት ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ማን ያትመዋል? የተገኘው ብቻ ሲታተም፣ የታተመውን ደምሮ «አለ» ማለት የሎተሪ ዕድለኞችን ብቻ ሰብስቦ «ሎተሪ የቆረጠ ሁሉ ይደርሰዋል» እንደማለት ነው።

ክርክሩን የለየው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2011 ኮርኔል የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ስመ ጥር የሳይኮሎጂ ፕሮፌሰር ከ1,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የሠሩትን 9 ሙከራ በትልቅ የሙያ መጽሔት አሳተሙ። በመጀመሪያው ሙከራ 100 ተማሪዎች ኮምፒዩተር ላይ ሁለት መጋረጃ ያያሉ፤ ከአንዱ ጀርባ ሥዕል አለ። በግምት ከሄደ ከመቶ 50 መግጠም አለበት። ሥዕሉ የፍቅር ነገር ሲሆን (ያው ወጣቶች አይደሉ!) 53.1 ገጠመ። ዓለም ተንጫጫ። ጋዜጦች ጻፉ፤ ቴሌቪዥኖች ጠሩዋቸው።

ከዚያ የሌሎች ተራ ሆነ። በ2012 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ከነዚያ ሙከራዎች አንዱን በሦስት ዩኒቨርሲቲ ደገሙትና ምንም አጡ። መጀመሪያ ያተመው መጽሔት «ድጋሚ ሙከራ አናትምም» ብሎ መለሰባቸው! በዚያው ዓመት ሌሎች በ3,289 ሰዎች ላይ 7 ሙከራ ሠሩ። ምንም! በመጨረሻ የሚያምኑትም የማያምኑትም አንድ ላይ ተቀምጠው፣ «እንዲህ ቢሆን አለ እንላለን፣ እንዲህ ቢሆን የለም እንላለን» ብለው አስቀድመው ተፈራረሙና በ9 አገር 10 ቤተ ሙከራ ውስጥ የመጋረጃውን ሙከራ ደገሙት። 2,115 ሰዎች፣ 37,836 ግምት። ውጤቱ በ2023 ታተመ። ከመቶ 49.89። ሳንቲም ወርውራችሁ የምታገኙት ማለት ነው።

ይሄ የመጋረጃው ነው እንጂ የላቡ አይደለም የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። ግን አንዱ ቤት እንዲህ ሲፈርስ ከጎኑ ባለው ቤት መተማመን ይከብዳል።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ የኛስ ልብ? ብዬ በራሴ ላይ ሞከርኩ። የሐኪሙን ዘዴ ሰረቅሁ። አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁና ከመስከረም 1 ጀምሬ ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔ በተርገበገበ፣ ልቤ በፈራ፣ ሆዴ በባባ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ዋናው ነገር ነገሩ ሳይደርስ መጻፉ ነው። ማታ ማታ ከጎኑ የሆነውን እሞላለሁ። በሦስት ወር 43 ጊዜ ጽፌያለሁ። ይሄን ያህል ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር! ከ43ቱ በ38ቱ ምንም አልሆነም። በሦስቱ ትንሽ ጭቅጭቅ፣ ቦርሳ መጥፋት፣ ያ ዓይነት ነገር። በሁለቱ በእርግጥ ክፉ ወሬ ሰምቻለሁ። ደብተር ባይኖር ኖሮ እነዚያን 38ቱን ረስቼ ሁለቱን ዕድሜዬን ሙሉ እተርክላችሁ ነበር።

እና ሌላ ነገር። ኅዳር ውስጥ አባቴ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ደርሼ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ አልጋ ይዞ፣ ሌሊት ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ። የዚያን ቀን ገጽ ባዶ ነው። አባቴ ሲወድቅ እኔ ሃያ ሁለት አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ ነበር። የምወደው አባቴ እኮ ነው! ልቤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ ሌላ ክፍል ሆኖ 100 ጊዜ ሳንቲም ይወርውር፤ እናንተ ከመወርወሩ በፊት ገላችሁ የነገራችሁን ጻፉ። 53 ብታገኙ ግን ቤት ኪራይ ለቃችሁ ጠንቋይ ቤት አትክፈቱ። በ100 ውርወራ 53 ብርቅ አይደለም። በማግስቱ ድገሙት።

ታዲያ የልብ ነገር ሁሉ ውሸት ነው ወይ? አይደለም! እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሌላ አንባቢ የጻፈችልኝን አጭር ደብዳቤ አስታወሰኝ። «እጮኛዬ ምንም ክፉ አላደረገኝም፤ ግን ስልኩ ሲጠራ ሆዴ ይገለበጣል» ትላለች።

በ1997 አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሙከራ ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ወጥቷል። ሰዎች ከአራት ክምር ካርታ እየሳቡ ይጫወታሉ። ሁለቱ ክምር ጠቀም ያለ ገንዘብ ይሰጥና መልሶ ይገፍፋል፤ ሁለቱ ትንሽ ይሰጣል ግን አያከስርም። ማንም አልነገራቸውም። ወደ 10ኛው ካርታ አካባቢ እጃቸው ወደ ክፉው ክምር ሲሄድ መዳፋቸው ማላብ ጀመረ! እነሱ ግን «እነዚህ ሁለቱ ደስ አላሉኝም» ያሉት 50ኛው አካባቢ ነው፤ ምክንያቱን በአፋቸው የተናገሩት ደግሞ ወደ 80ኛው። (በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች «አይ፣ በደንብ ብትጠይቋቸው ቀድመውም ያውቁ ነበር» ብለው ተከራክረዋል፤ ይሁን።) እዚህ ገላ ያወቀው የወደፊቱን አይደለም። ያለፉትን ካርታዎች ነው የቆጠረው።

ክሊቭላንድ ከተማ የሆነም አለ። አንድ የእሳት አደጋ ሻለቃ ልበለው አለቃ፣ ሰዎቹን ይዞ የሚቃጠል ቤት ይገባል። እሳቱ ወጥ ቤት አካባቢ ነው፤ ውኃ ቢረጩበት አልበርድ አለ። ሰውዬው ድንገት ደስ ሳይለው ቀረ። «ውጡ!» አለ። እንደወጡ የቆሙበት ወለል ተደረመሰ። ዋናው እሳት ለካ ከሥራቸው፣ ምድር ቤት ነበር። እሱ ራሱ ስድስተኛ ሕዋስ አለኝ ብሎ ያምን ነበር። አንድ የሳይኮሎጂ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠይቀው ግን ነገሩ ወጣ፦ ክፍሉ ለዚያ ለሚታየው እሳት ከልክ በላይ ይሞቃል፤ እሳቱ ደግሞ ከልክ በላይ ጸጥ ብሏል። ጆሮውና ፊቱ ነግረውታል፤ ሐሳቡ ገና አልደረሰም።

ስለዚህ ያቺ እጮኛዬ ያለችው ልጅ፣ ሆድሽ የነገረሽን ጣይው አልልሽም። ወደፊት ምን እንደሚያደርግሽ አያውቅም። እስካሁን ያደረገውን ግን ሳያውቅ አይቀርም። ስልኩ ሲጠራ ሆድሽ የሚገለበጠው ከመቼ ወዲህ ነው? ባለፈው ሲደውል ምን ብሎሽ ነበር? ጻፊው። ሠርጉ ካርዱ እስኪታተም አትጠብቂ።

አሁን ወደ አንቺ፣ እህቴ።

አታባብይኝ ብለሻልና አላባብልሽም። የሰው ገላ ገና ያልሆነውን እንደሚያውቅ ማንም አላሳየም፤ ሞክረው አጥተውታል። ያ ወለል ላይ የቆመው አለቃ የሚሞቅ ነገር ፊቱ ላይ ነበረው። አንቺ በዚያ ሌሊት ወጥ ቤት ቆመሽ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ከስምንት ሰዓት... ከዚያ ሁሉ ሰዓት በኋላ ስለሚመጣው ኩርባ ምን ምልክት ነበረሽ? ምንም። የነበረሽ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን፣ ብርድ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ በጨለማ ሊሄድ ያለ ወንድም ነው። ያንን አይቶ ልቡ የማይፈራ እህት የለም። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ከዚያ በፊት ሲሄድ ስንት ጊዜ ፈርተሻል? በሰላም ደርሶ ስለደወለ የረሳሻቸው ፍርሃቶች ስንት ናቸው? ደብተር አልነበረሽም። ያቺ አንዷ ብቻ ቀረች፤ እሷም ከስልኩ በኋላ በየቀኑ ስታስቢያት እየከበደች ሄደች።

ደግሞ «ቅር» ብትዪውስ ይቀር ነበር? የ20 ዓመት ልጅ፣ ሥራ ተጠርቶ? አላውቀውም ወንድምሽን፤ የኔ ወንድም ቢሆን ግን ብርጭቆዋን እየለቀመ ይስቅብኝ ነበር።

እንዳትቀየሚኝ፣ አንድ ከባድ ነገር ልበልሽ። እኔ እንደማስበው «የገደልኩት እኔ ነኝ» የምትዪው አንዳንዴ «በእጁ የሚይዘው ሰው ከሌለው መንገድ» ይሻልሻልና ነው። ጥፋተኛ ከሆንሽ ማስቀረት ይቻል ነበር ማለት ነው። ሊቀር ይችል ነበር ብሎ ማመን ከባዶው ይሻላል። ይገባኛል። ግን አሁን ዋጋውን እየከፈለች ያለችው ትንሿ እህትሽ ናት። ፈተናዋ ያለፋት ልጅ።

ለእናትሽ ንገሪያት። ስለ ብርጭቆውም፣ ስለ ልብሽም። ምናልባት እሷም የደበቀችሽ ብርጭቆ አላት፤ እናቶች አይታሙም። እንቅልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ ሰው በወጣ ቁጥር ልብ እንዲህ ከመታ ደግሞ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎችም አሉ፤ ያበደ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ጸበልሽንም አልከለክልሽም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

እና ትንሽ ደብተር ግዢ። ነገ እህትሽ ቦርሳዋን ስትይዝ ልብሽ ይመታል። ሰዓቱን ጻፊና በሩን ክፈቺላት። ስትመለስ ከጎኑ «ገባች» ብለሽ ጻፊ። ሦስት ወር። ከዚያ ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ስምሽ አይወጣም።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። እናቴ ይህንን ጽሑፍ አንብባ ስታበቃ «እሺ፣ የኔ ግራ እግርስ?» ብላኛለች። እሷንም ደብተር ግዢ ብያታለሁ።